ግልጽ ደብዳቤ፦ ፍሪጅ አናት ላይ ያለውን ፌስታል አውርዱት

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ ወገኖቼ፤
ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ አስተባባሪዎች፣ ለዕድርና ለእቁብ ዳኞች፤
እንዲሁም የቤት ጉዳይ ለሚመለከታችሁ የከተማና የካውንቲ ቢሮዎች

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ።

ባለፈው ዓመት ብርዱ በጠናበት ሰሞን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት እናት ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። እትዬ ነው የምላቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው። የሚኖሩት ከሌላ ቤተሰብ ጋር በደባልነት ነበር። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል። ኩሽናው የጋራ ነው። ፍሪጁም የጋራ ነው፤ አናቱ ግን የእሳቸው ድርሻ ነው።

ሁለተኛውን ቡና ከቀዱ በኋላ ተነሡና ከዚያ ከፍሪጁ አናት ላይ አንድ ፌስታል አወረዱ። «እስቲ ልጄ፣ አንቺ ታነቢያለሽና የሚረባ ነገር ካለበት እይልኝ» አሉኝ።

ፌስታሉ ውስጥ 23 ፖስታ ነበር። አብዛኛው አልተከፈተም። ረከቦቱን ገፋ አድርገን ምንጣፉ ላይ ዘረገፍነው። የኢንሹራንስ ማስታወቂያ። የፋርማሲ ኩፖን። ድሮ ተከፍሎ ያለቀ የሆስፒታል ሒሳብ። ከመካከሉ አንድ ስስ ነጭ ፖስታ ወጣ። ማስታወቂያዎቹ ወፍራምና ባለ ቀለም ናቸው፤ ይሄኛው ዓይን አይስብም። ከፈትኩት። ከቤቶች ቢሮ ነው። እትዬ ከሰባት ዓመት በፊት በአንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ እርዳታ ለአረጋውያን መኖሪያ ተመዝግበው ነበር። ተራዎ ደርሷል፣ ወረቀትዎን ይዘው ይቅረቡ ይላል። የተሰጣቸው ቀን ሊያልፍ የቀረው አራት ቀን ብቻ ነው።

መጀመሪያ አላመኑኝም። «ሰባት ዓመት እኮ ነው! እኔማ የሞተ ነገር ነው ብዬ ትቼዋለሁ» አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ሦስተኛውን ቡና አልጠጣንም። እኔ ስልክ መደወል ጀመርኩ።

እትዬ ለጥቂት ተረፉ። እኔ ግን አልተረፍኩም ነበር። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የሁለታችን ነገር ነው።

አሜሪካ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት እኔም ተመዝግቤ ነበር። ያኔ ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር ቤዝመንት ውስጥ ነበርን። ከዚያ ወደ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ፤ ቆይቼም ወደ ሜሪላንድ ተመለስኩ። አድራሻ በቀየርኩ ቁጥር ለባንክ ነገርኩ። ለስልክ ድርጅት ነገርኩ። መንጃ ፈቃዴን አስቀየርኩ። ስሜን በተራ መዝገብ ላይ ለያዘው ቢሮ ግን አልነገርኩም። ትዝም አላለኝ። ደብዳቤው ወደ ድሮው ቤዝመንት ሄደ። የድሮ አከራዬ ደግ ሰው ናቸው፤ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡልኝ። ለፋሲካ እንኳን አደረስዎ ልል ስሄድ ሰጡኝ። ቀኑ ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል። ስሜ ተሰርዟል። እንደገና ልመዝገብ ብል መዝገቡ ተዘግቷል። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነበር።

ዛሬ ቀን ቀን ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ መቀበያው ላይ ነው የምሠራው። ማታና እሑድ ደግሞ የሰው ደብዳቤ አነባለሁ። ማንም አልቀጠረኝም፤ አንዱ ለሌላው እየነገረ ነው የሚመጡት። ከዚህ ሁሉ ያየሁትን በአጭሩ ልንገራችሁ። በእኔ እጅ ካለፉት ተራቸውን ካጡ ሰዎች ውስጥ ብዙዎቹ መስፈርቱን የሚያሟሉ ነበሩ። ያጡት ደብዳቤ ሳይመለስ ቀርቶ ነው።

ቤቱ እንደልብ ያለ ቢሆን ኖሮ አንድ ተራ ማጣት ባላስጨነቀኝ። ግን የለም። በአሜሪካ የፌዴራል የኪራይ እርዳታ ከሚገባቸው አራት ቤተሰቦች ውስጥ የሚያገኘው አንዱ ገደማ ነው። የዲሲ የቤቶች ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2013 መዝገቡን ለአዲስ አመልካች ሲዘጋ ከ70,000 በላይ ስም ነበረበት። እንዲህ ባለ ሰልፍ ውስጥ ዓመታት ቆሞ፣ በር ላይ ሲደርሱ ስም ሲጠራ አለመስማት ያንገበግባል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላጥራ። ብዙ ሰው «ዝቅተኛ ገቢ» ሲባል ሥራ የሌለው፣ መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ይመስለዋል። «እኔ እየሠራሁ ነው፣ አይመለከተኝም» ይላል። አንድ የፓርኪንግ ሠራተኛ ወንድማችን፣ ሚስቱ በቤት ለቤት እንክብካቤ የምትሠራ፣ ሁለት ልጆች ያሏቸው፣ ለዓመታት አንድም ቦታ አላመለከቱም ነበር። ምክንያቱን ስጠይቀው «ለደሃ የመጣውን ልሻማ?» አለኝ። ጨዋነቱን ወደድኩለት። ስሌቱ ግን ሌላ ነው።

ስሌቱ የሚሠራው በአካባቢው መካከለኛ ገቢ ነው። የፌዴራሉ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት፣ ሰዉ ሀድ የሚለው፣ ይህን ቁጥር በየዓመቱ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 ለዋሽንግተን አካባቢ፣ አራት ሰው ላለው ቤተሰብ 154,700 ዶላር ነበር። የዚህ ግማሽ 77,350 ዶላር ነው። ስልሳ በመቶው 92,820 ዶላር ነው። እንግዲህ ባልና ሚስት እየሠሩ፣ ሁለት ልጅ እያሳደጉ፣ ታክስ እየከፈሉ፣ ሕጉ «ዝቅተኛ ገቢ» ከሚለው መስመር ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ ማለት ነው። ቁጥሩ በቤተሰቡ ብዛት ከፍ ዝቅ ይላል፤ በየዓመቱም ይለወጣል። ስለዚህ ጓደኛችሁ ከሦስት ዓመት በፊት «አያልፍም» ስለተባለ እናንተም አታልፉም ማለት አይደለም።

በሩ አንድ ብቻ አለመሆኑንም ብዙ ሰው አያውቅም። ሁሉም የሚያወራው ስለ ሴክሽን ኤይት ነው። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1937 ከወጣው የቤቶች ሕግ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ የኪራይ ድጎማው በ1974 ነው የተጨመረበት። ቫውቸር፣ ማለትም የኪራይ ድጎማ ማረጋገጫ ይሰጣችኋል፣ ቤቱን ራሳችሁ ትፈልጋላችሁ፣ እናንተ ከገቢያችሁ ሰላሳ በመቶ ያህሉን ትከፍላላችሁ፣ ቀሪውን ቢሮው እስከ ተወሰነ ጣሪያ ለአከራዩ ይከፍላል። ጥሩ ነገር ነው። ግን ሰልፉ ረጅም ነው። ከአዳዲስ ቫውቸሮች ሰባ አምስት በመቶው እጅግ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው፣ በጥቅሉ ከመካከለኛው ገቢ ሰላሳ በመቶ በታች ለሆኑ ቤተሰቦች እንዲሄድ ሕጉ ያዛል። ያ የፓርኪንግ ሠራተኛ ወንድማችን እዚያ ሰልፍ ላይ ቢቆም እኔ እንጃ ብዬ ነበር የምመልሰው።

ለእሱ የሚሆነው በር ሌላ ነው። የታክስ ክሬዲት ሕንጻ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ሕግ ነው፤ መንግሥት ለሕንጻው ባለቤት የታክስ ቅናሽ ይሰጠዋል፣ ባለቤቱ ደግሞ ከሕንጻው የተወሰነውን ክፍል በአብዛኛው ገቢያቸው ከመካከለኛው ስልሳ በመቶ ወይም ከዚያ በታች ለሆነ ሰዎች በተወሰነ ኪራይ ያከራያል። ከውጭ ስታዩት ከሌላው አፓርትመንት አይለይም። ለዚህ ከተማ አዳራሽ መሄድ አያስፈልግም። የሚመለከተው እዚያው ሕንጻ ላይ ያለው የኪራይ ቢሮ፣ ሊዚንግ ኦፊስ የሚባለው ነው። ገብታችሁ «የታክስ ክሬዲት ክፍል አላችሁ ወይ? የተራ መዝገባችሁ ክፍት ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በእያንዳንዱ ሕንጻ ለየብቻ ነው የምትመዘገቡት፤ አምስት ቦታ ብትመዘገቡ የሚከለክላችሁ የለም። ልብ በሉ፣ እዚህ ኪራዩ እንደ ገቢያችሁ እየወጣ እየወረደ አይሄድም። ቁርጥ ነው። ስለዚህ ብዙ ሕንጻዎች ዝቅተኛ የገቢ ወለል ያስቀምጣሉ፤ ገቢሽ በዛ ብቻ ሳይሆን ገቢሽ አነሰ ተብሎ መመለስም አለ። ቫውቸር ያለውን ሰው ግን ቫውቸር ስለያዘ ብቻ ሊመልሱት አይችሉም።

ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የራሱ ሕግ አለው። ትልልቅ ግንባታ የሚገነባ ሰው ከቤቶቹ ቢያንስ 12.5 በመቶውን መጠነኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች እንዲመድብ ያስገድዳል። ሰዉ ኤምፒዲዩ ነው የሚለው። ኪራይም አለው፣ ግዢም አለው። የካውንቲው የቤቶች ኮሚሽን የሚያስተዳድረው የተራ መዝገብም በኢንተርኔት የሚሞላ ነው፤ ሀውሲንግ ፓዝ ይባላል። ዲሲም ከአዳዲስ ሕንጻዎች በዕጣ የሚሰጥ ተመሳሳይ አሠራር አለው። አርሊንግተን በራሱ በጀት የሚሰጠው የኪራይ ድጎማ አለ። ወንድማችን አሁን ሦስት መዝገብ ላይ ስሙ አለ። ቀኖቹን ሚስቱ ስልኳ ላይ ይዛለች።

ዜግነት አልያዝኩም ብሎ የሚቀርም አለ። ለፌዴራሉ እርዳታ ዜጋ መሆን የግድ አይደለም። ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት የተፈቀደለት፣ ስደተኛ ሆኖ የገባ ሰው ማመልከት ይችላል። በዲቪ የመጣችሁ ሁሉ እዚህ ውስጥ ናችሁ።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልግባ። ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

መጀመሪያ ስማችን። ባል በአባቱ ስም ይጠራል። ሚስት የራሷን አባት ስም እንደያዘች ናት። ልጆቹ የአባታቸውን ስም ይዘዋል። እንግዲህ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት የቤተሰብ ስም ማለት ነው። ለእኛ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። ጠረጴዛው ማዶ ላለችው ሠራተኛ ግን አንድ ላይ የተጠጉ የማይተዋወቁ ሰዎች ሊመስሏት ይችላሉ። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱንና የልጆቹን የልደት ወረቀት አስቀድማችሁ ያዙ። የስም አወጣጣችንን የሚያስረዳ አጭር ማብራሪያ በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ አያይዙ። ደግሞ አንዱ ወረቀት ላይ በአንድ ፊደል፣ ሌላው ላይ በሌላ ፊደል የተጻፈ ስም ካለ ሳትጠየቁ ራሳችሁ አሳዩ። የእትዬ ስም በአራት ወረቀት ላይ በሦስት ዓይነት ነበር የተጻፈው። ከአራቱ ቀን አንዱን የበላብን እሱ ነው።

ቀጥሎ እቁብ። ይህን የማያውቅ ሰው ለማስረዳት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? አንዲት እህት የእቁብ ዕጣ ወጥቶላት 12,000 ዶላር በአንድ ቀን ባንክ አስገባች። ሦስት ወር ቆይታ ቤት ስታመለክት የባንክ ወረቀቷን አዩና «ይህ ምን ገቢ ነው?» አሏት። ደነገጠች። ወንድሜ ሰጠኝ አለች። ያኔ ነው ነገሩ የተበላሸው፤ ወንድሟ በየጊዜው ይሰጣታል ወይ ወደሚል ጥያቄ ሄደ፤ በየጊዜው የሚሰጥ ገንዘብ ደግሞ እንደ ገቢ ይቆጠራል። እቁብ ግን የራሳችሁ ገንዘብ ነው፤ በየወሩ ከኪሳችሁ የወጣ ቁጠባ ነው ተመልሶ የመጣው። እንደዚያ ብላችሁ ተናገሩ። የእቁቡ ዳኛ የአባላቱን ብዛት፣ የወሩን መዋጮና ዕጣው የወጣበትን ቀን ጽፎ ይፈርምላችሁ። ዳኞች ሆይ፣ እባካችሁ ለዚህ ፊርማ አትሰስቱ።

የሌላ ሰው ገንዘብ በስማችሁ አታስቀምጡ። እናንተ አደራ ትላላችሁ፤ ወረቀቱ የእናንተ ይላል። አዲስ አበባ ያላችሁ ኮንዶሚኒየምም ንብረት ነው፤ ሲጠይቋችሁ ንገሩ። መደበቅ በኋላ ቤቱንም ያስነጥቃል፣ ገንዘብም ያስመልሳል፣ ከዚያም ያለፈ ጣጣ አለው።

አንጀቴን የሚበላው ደግሞ ይሄ ነው። አገር ቤት ለእናት፣ ለእህት ልጅ ትምህርት፣ ለታመመ ወንድም የምንልከው ገንዘብ ከገቢያችን ላይ አይቀነስም። በወር 400 ዶላር ብትልኩም ቢሮው የሚያየው ሳትልኩት በፊት ያለውን ነው። ያውም ታክስ ሳይቆረጥ። ይህን ቀድማችሁ ካወቃችሁ ስሌታችሁ አይዛባም። ኡበርና ሊፍት ለምትነዱ ግን መልካም ዜና አለ። የእናንተ ገቢ የሚታየው ከሥራው ወጪ በኋላ ነው። ስለዚህ የቤንዚኑን፣ የጥገናውን፣ የማይሉን መዝገብ ያዙ። ኮሌጅ በሙሉ ጊዜ የሚማር አዋቂ ልጅ ያላችሁም፣ ልጁ ማታ ማታ ስለሠራ አበላሸብን ብላችሁ አትስጉ። በፌዴራሉ የቫውቸር ስሌት ከተማሪው ደመወዝ አብዛኛው አይቆጠርም።

ስለ ገንዘብ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የቤቶች ባለሥልጣን የተራ መዝገብ ላይ ስም ለማስመዝገብ ክፍያ የለም። በቴሌግራምና በፌስቡክ «ሴክሽን ኤይት አስገባላችኋለሁ፣ ውስጥ ሰው አለኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሽሹት። ውስጥ ሰው የለውም። በአማርኛ ስለሚያወራ፣ «እናቴ» ስለሚላቸው ነው እናቶች የሚያምኑት። 300 ዶላር የሰጡ እናት አውቃለሁ። የመንግሥትን ነጻ ቅጽ ነው ሞልቶ የሰጣቸው፤ እሱንም የራሱን ስልክ ቁጥር ጽፎበት። የግል ሕንጻ ሊዚንግ ኦፊስ ግን የማመልከቻ ወይም የክሬዲት ምርመራ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያ ሌላ ነው፣ ደረሰኝ ይኖረዋል።

ቋንቋም አያስፈራችሁ። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ቢሮ ሁሉ በትውልድ አገር ምክንያት በሰው ላይ እንዳያዳላ ይከለክላል። ዲሲ በ2004 የራሱን የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥቷል፤ አማርኛ ከዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብላችሁ ጠይቁ። በዲሲ ቢሮዎች መብታችሁ ነው፤ ነጻም ነው። እባካችሁ ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጓቸው። አንድ ቀን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቢሮ ውስጥ የእናቷን የገቢ ወረቀት ስታስተረጉም አየሁ። እናትየዋ በወር ስንት እንደሚቀራት ለልጇ መንገር ነበረባት። ልጅቷ ቁጥሩን ከመናገሯ በፊት ቀና ብላ እናቷን ያየችበት ዓይን እስካሁን አልጠፋኝም።

ከተከለከላችሁም ነገሩ አላለቀም። ለቫውቸርና ለመንግሥት ቤት ስታመለክቱ ምክንያቱን በጽሑፍ የማግኘትና እንደገና እንዲታይላችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ለዚህም የቀን ገደብ አለው። ያንንም የሚነግራችሁ ያው ደብዳቤው ነው። በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ደብዳቤ ሳትመልሱ ቀርታችሁ ስማችሁ ከተሰረዘ፣ ለቫውቸር ሰልፍ ወደነበረበት ቦታ እንዲመልሱት መጠየቅ ትችላላችሁ። የሐኪም ወረቀት ያዙ።

አሁን ወደ ዕድሮች ልመለስ። ደብዳቤው በዋናነት ለእናንተ ነው።

ሰው ሲሞትብን ምን እንደምታደርጉ አውቃለሁ። በዚያው ቀን አዳራሽ ይገኛል። ምግቡ ይመጣል። አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያስፈልገው ወረቀት በሁለት ቀን ያልቃል፤ የኤምባሲው፣ የአየር መንገዱ፣ የሆስፒታሉ። እንግሊዝኛ የሚችለው ይደውላል፣ መኪና ያለው ያመላልሳል። የማንም ስም አይረሳም። ይህን ሁሉ ወረቀት ለሞተ ሰው ማንበብ ከቻልን፣ በሕይወት ላሉት እትዬ አንድ ፖስታ የሚከፍትላቸው ሰው ሰባት ዓመት ሙሉ ለምን ጠፋ?

እኔ መልሱን ከእሳቸው ሰምቼዋለሁ። ያን ዕለት ማታ ወረቀቱን ስንሞላ «ቀደም ብለው ለምን ለሰው አላሳዩም?» አልኳቸው። «ለማን ላሳይ ልጄ? ገመናዬን ነው እኮ። ደመወዜን፣ በሽታዬን፣ ባንክ ያለኝን ሳንቲም። ነገ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ያወራዋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እናውቀዋለን። አንድ ሰው ተቸገረ ሲባል ወሬው ከእርዳታው ቀድሞ ይደርሳል። ሰዉ ፖስታውን ፍሪጅ አናት ላይ የሚያስቀምጠው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የሚያነብለት ሰው እንዳያማው ስለሚፈራ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በወር አንድ ጊዜ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ጠረጴዛ። ከቅዳሴ በኋላ ይሁን፣ ከጁምዓ በኋላ ይሁን፣ ዕድሩ ሲሰበሰብ ይሁን። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ይሁን፤ ወረፋው ከሩቅ ይቁም። ሁለት የሚያነቡ ሰዎች ይቀመጡ፤ አንዷ ሴት ትሁን። የሚመረጡት እንግሊዝኛ በማወቃቸው ብቻ ሳይሆን አፋቸውን በመያዛቸው ነው። ፎቶ አያነሱም። ኮፒ አያስቀሩም። ቅጽ ለመሙላት የሚከብድ ነገር ከሆነ ሀድ ወዳጸደቃቸው የቤት አማካሪዎች ይመሩታል። የሰውየው የራሱ ደብተር ላይ ግን አንድ ነገር ይጽፉለታል፦ የተመዘገበበት መዝገብ ስም፣ የተመዘገበበት ቀን፣ የማረጋገጫ ቁጥሩ፣ የሰጠው አድራሻ። አድራሻ የቀየረ ሰው ካለ እዚያው ተደውሎ ይቀየርለታል። ይህ ብቻ። ገንዘብ አያስፈልገውም።

ለቢሮዎቹ ያለኝ ጥያቄም ከባድ አይደለም። ሰዉን ዓመታት ካስጠበቃችሁ በኋላ የምትልኩለት ፖስታ ከፒዛ ማስታወቂያ የሚለይበት አንድ ነገር ይኑረው። ፖስታው ላይ በአማርኛ አንድ መስመር ጻፉ፦ «ስለ ቤት ተራዎ የተላከ ደብዳቤ፤ የቀን ገደብ አለው»። ስም ከመሰረዛችሁ በፊት አንድ ጊዜ ስልክ ደውሉ፣ ወይም በስልክ መልእክት ላኩ። በፌዴራል ድጎማ ለሚሠሩ ቤቶች የሚያመለክት ሰው፣ እሱን ማግኘት ሲያቅታችሁ የምትደውሉለትን ዘመድ ወይም ወዳጅ የሚያስመዘግብበት ቅጽ አለ። ቁጥሩ ሀድ 92006 ነው። ከማመልከቻው ጋር ትሰጡታላችሁ፤ ግን በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው ስለሌለ ብዙው ሰው ባዶውን ይመልሰዋል። እትዬ ያን ጊዜ የሰንበት ትምህርት ቤቷን ልጅ ስም ጽፈውበት ቢሆን ኖሮ አራት ቀን ሲቀር አንደነግጥም ነበር። ወገኖቼ፣ ያን ቅጽ ባዶ አትመልሱ።

እትዬ ቤቱን አገኙ። ስቱዲዮ ናት፤ መስኮቷ በፀሐይ መውጫ በኩል ነው። ከገቢያቸው ሰላሳ በመቶ ያህሉን ይከፍላሉ፤ ኩሽናው የራሳቸው ነው። የገቡ ዕለት መጀመሪያ የከፈቱት ሳጥን የረከቦቱን ነው። ፖስታ ሲመጣ ወዲያው ይከፍቱታል፤ ያልገባቸውን ጠረጴዛው ላይ ስኒ ጭነውበት ይጠብቁኛል።

እኔ በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነኝ። ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ ሌላ የሚያነብ ሰው እፈልጋለሁ። ፌስታሉን እንዳለ ይዛችሁ ኑ። ሳትለዩት፣ ሳትከፍቱት።

አክባሪያችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ